ቅቤ የገባበት ኮክ

ስኳር ሲያር የሚሸተውን ሽታ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እኔ የምለው እሱን ብቻ አይደለም። ኮክ ከነጭማቂው እሳት ገብቶ፣ ከላዩ የተነሰነሰው የደረቀ የባጌት ዳቦ ፍርፋሪ በዘይት ተጠብሶ፣ ስኳሩ የትሪው ጠርዝ ላይ ተጣብቆ መጥቆር ሲጀምር ከመሃል ሄል ብቅ የሚልበትን ሽታ ነው የምለው። ባለፈው ነሐሴ፣ ጅቡቲ ሆዳን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ከፍቼ ትሪውን ስስብ ይህ ሽታ ፊቴን መታኝና ፎጣውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሚስቴ «ምን ሆንክ? ተቃጠልክ እንዴ?» ብትለኝ «አይ፣ ሃያብለ ደርሼ መጣሁ» አልኳት።

ሃያብለ ያደግኩበት ሰፈር ነው። ያኔ ቤታችን አንዲት ክፍል ነበረች፣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ፤ እኔ፣ ታናሽ እህቴ ሰናይትና እናቴ እቴነሽ እዚያች ውስጥ ተደራርበን እንኖር ነበር። እናቴ ፔካ 12 ላይ፣ መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ ለመውጣት በሚሰለፉበት ቦታ፣ ለሾፌሮች ምግብ ታበስል ነበር። አባቴ ከነዚያ ሾፌሮች አንዱ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ ይነዳ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲጠጉ የልደት ወረቀት አምጡ ይሉን ነበር፣ ወረቀቱን የሚያወጣልን ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበር። እንዲህ ዘግይቼ፣ እንዲህ ተንጠራርቼ ያገኘሁትን ፊደል በሱ ስም ላይ አላባክነውም።

ብርዱ ሲገባ፣ ማለትም እኛ ብርድ የምንለው ነፋሱ ከባሕር የሚመጣበት ወራት ሲገባ፣ ኑሮ ይቀል ነበር። በር ከፍተን እንተኛለን፣ ውሃ የምናመላልስበት ጄሪካን እጃችንን አያቃጥለንም፣ አባቴም ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ጤፍ ይዞ፣ በርበሬ ይዞ፣ አንዳንዴ ምንም ሳይዝ፣ ግን ይመጣል። መኪናውን ፔካ 12 አቁሞ በእግሩ ሲመጣ ሰናይት ከሩቅ በአረማመዱ ትለየው ነበር፤ ወደ ግራ ያዘመመ ነበር አረማመዱ፣ መሪ ሲጨብጥ የሚውል ሰው አረማመድ። ያን ጊዜ እወደው ነበር፤ ልክደው አልችልም።

ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል። አገር ቤት ክረምት ብለው ካፖርት በሚለብሱበት ወር እኛ ቆርቆሮ ውስጥ እንጠበሳለን፤ ከምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ይዞ ከበረሃ ሲነሳ በቀን ጨለማ ይሆናል፣ እህል ስናኝክ ጥርሳችን ላይ ይንቀጫቀጫል። አቅም ያለው ቤተሰቡን ወደ ድሬዳዋ ይልካል፣ አቅም የሌለው ግድግዳ ላይ ውሃ ይረጫል። የኮክ ወቅት ግን ይሄ ነበር። አባቴ በየነሐሴው ከደጋ አንድ ካርቶን ኮክ ጭኖ ይመጣ ነበር፤ ያቺ ትንሿ፣ ፀጉራሟ፣ ከነጣፋጭነቷ ጥርስ የምታጠርሰው የአገራችን ኮክ። ጋቢና ውስጥ በሙቀት ተቀቅላ፣ በመንገዱ ተደብድባ ስለምትደርስ ግማሹ ቆዳው ጠቁሮ ነበር የሚገኘው፤ ማሳደር የማይታሰብ ነው፣ እዚያው በዕለቱ መሠራት አለበት።

አሠራሩን የማያውቅ ካለ ይኸው፤ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ኮኩ ለሁለት ይከፈላል፣ ፍሬው ይወጣል፣ የጠቆረው ይቆረጣል። ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ ትሪ ላይ ይደረደራል። ስኳር፣ ከዚያ ሎሚ ይጨመቅበታል። የከረመ ባጌት ተፈርፍሮ በዘይት ይታሽና ከላይ ይነሰነሳል። ምድጃ ይገባል፣ ፍርፋሪው ሲቀላ ይወጣል። አለቀ። አሁን ኢንተርኔት ላይ ይህንኑ ነገር ለማስረዳት ገጽ ሙሉ የሚጽፉ ሰዎች አያለሁ፤ እናቴ ሳትናገር፣ ቢላዋ ብቻ እያንቀሳቀሰች ነበር ያስተማረችን።

ችግሩ ምድጃ አልነበረንም። ምድጃ የነበራት ጎረቤታችን ዘይቱና ነበረች። ዘይቱና የድሬዳዋ ሰው ናት፤ ባሏ እዚያው ሃያብለ ሱቅ ነበረው። አንድ የፈረንሳይ ወታደር ቤተሰብ ዕቃውን ሸጦ አገሩ ሲገባ ባሏ ባለጋዙን ምድጃ በጋሪ አስጭኖ አመጣላትና ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ሁሉ ትሪ በዘይቱና በር ማለፍ ጀመረ። የሶማሌዎቹ ኬክ፣ የአፋሮቹ ዓሣ፣ የኛ ኮክ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ይሰለፋል። በግቢያችን ደግሞ አንድ ልማድ ነበር፤ እሳት ሰጪዋ ከእጇ የሆነ ነገር ሳትጨምርበት ትሪ አትመልስም። ቆንጠር ያለ ሄል ይሁን፣ ዘቢብ ይሁን፣ አንድ ማንኪያ ስኳር ይሁን፣ ብቻ የእጇ ነገር መግባት አለበት። ባዶ እጇን ብትመልስ የተኮራረፉ ያህል ነበር የሚቆጠረው። ኮካችን ውስጥ ሄል የገባው እንዲህ ነው፤ የእናቴ አይደለም፣ የዘይቱና ነው።

ዘይቱና አባቴን በምላሷ ትገርፈው ነበር። ካርቶኑን ተሸክሞ በግቢው ሲያልፍ «አንተ መንገደኛ! ይሄ ኮክ ባይኖር ማን በር ይከፍትልህ ነበር አቦ?» ትለዋለች።

«አንቺ ትከፍቺልኛለሻ!» ይላታል።

«እኔማ ኮኩን ተቀብዬ በሩን እዘጋብሃለሁ!»

እናቴ እየሳቀች ኮኩን ትቀበላለች። ደስታ ማለት ለኔ ይህች ነበረች፤ ሌላ ትልቅ ነገር አልጠበቅኩም።

አንድ ዓመት ብርዱ ሳያልቅ የአባቴ አመጣጥ ተራራቀ። ከፋሲካ በኋላ ጭራሹን ቀረ። እናቴ ፔካ 12 ላይ ሳህን እያነሳች ሾፌሮቹን ትጠይቃቸዋለች፤ አንዱ «መኪናው ጋራዥ ገብቷል» ይላታል፣ ሌላው «ወደብ ላይ አየሁት መሰለኝ» ይላታል፣ ሦስተኛው ወጡን ያወድሳል። ሾፌር ስለ ሾፌር አያወራም፤ ይህን ትልቅ ሆኜ አብሬያቸው ስሠራ ነው የተረዳሁት። እናቴ በመጨረሻ ሰው መጠየቅ ትታ ስለት ተሳለች። ሰኔ መውጫ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፍራሽ ላይ አስቀመጠችንና «ፍልሰታን አንድ ቀን ሳላጓድል ከጾምኩ፣ እመቤቴ አባታችሁን ትመልስልኛለች። ብያለሁ፣ አልኩ። እናንተም አታበላሹብኝ» አለችን። እህቴ ገና ጥርሷ የወላለቀ ልጅ ነበረች፣ እሷም ጾመች።

ነሐሴ በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ፣ በዚያ ላይ የሾፌሮች ምግብ እሳት ላይ ቆሞ እያማሰሉ መጾም ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አልችልም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዘይቱና አንድ ቀን በር ላይ ቆማ «እቴነሽ፣ ፈጣሪ እኮ ያይሻል፣ ሙቺ አላለሽም» ብትላት እናቴ «ልክ ነሽ፣ ያየኛል» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ጾሙ እንደተጋመሰ አንድ ከምሲን የሚነፍስበት ቀን ደጀኔ የሚባል ሾፌር፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ የኮክ ካርቶን ታቅፎ በራችን ላይ ቆመ። ሰናይት ጮኸች፤ ከኋላው ሌላ ሰው የሚመጣ መስሏት አጥሩ ድረስ ሮጣ ሄደች። ማንም አልነበረም። ደጀኔ አልተቀመጠም፣ ውሃም አልጠጣም። «እቴነሽ፣ አንዴ ወጣ በይ» ብሏት አጥሩ ጥግ፣ በዚያ አሸዋ ውስጥ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እሱ እግሩን እግሩን እያየ አወሩ። ከዚያ ሄደ። እናቴ ገብታ ፊቷን ታጠበች፣ ቢላዋ አነሳች፣ «አባታችሁ ኮክ ልኳል። ሳይበላሽ እንሥራው» አለች። እኛ ታዲያ ስለቱ የሰመረ ነው የመሰለን። ሰውዬው ከኮኩ ብዙም አይርቅም ብለን ነበር።

ትሪውን እኔና ሰናይት በጨርቅ ሸፍነን ይዘን ሄድን። ዘይቱና በሩን ስትከፍት ዓይኗ ደም መስሎ ነበር፤ «አሸዋ ገባብኝ» አለች። ትሪውን ስትቀበለን ሁልጊዜ እንደምታደርገው አላሾፈችብንም፣ ጭንቅላታችንን በየተራ ዳሰሰችና «ሂዱ፣ ሲደርስ ራሴ አመጣዋለሁ» አለችን። ራሷ አመጣችው። ሽታው ከሷ ቀድሞ ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ አማተበችና ለሁላችንም አወጣች። እሷ ሁለቴ ጎርሳ ነበር። ሰናይት ጣቷን እየላሰች «እማ! እንደ ፋሲካ ነው የሚጣፍጠው!» አለች።

እናቴ እጇ አየር ላይ ቆመ። ጣቷን አሸተተች። ትሪውን አዘነበለችው፤ ጥግ ላይ የተጠራቀመው ጭማቂ ላይ ቢጫ ቅባት ተንሳፎ ነበር። ቅቤ ነው። ተነስታ ባዶ እግሯን ወጣች፣ እኛም ተከተልናት።

ዘይቱና ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጥታ በሩ ላይ ተገናኙ። «ዘይቱና፣ ምን ጨመርሽበት?»

«አንድ ማንኪያ... አይ ሁለት ነው...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። «ያ ረቢ! ጾምሽ! ረሳሁት እቴነሽ፣ ወላሂ ረሳሁት!»

ዘይቱና ጾማችንን ረሳች ማለት ያኔም ትንሽ ይገርመኝ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ስትጠብስ ሽታው እንዳይደርሰን መስኮቷን የምትዘጋ ሴት ናት፤ የኛን ጾም ከኛ እኩል ታውቀው ነበር። እናቴ ግን ይህን አላሰበችም። «ስለቴ ነበር ዘይቱና! ሰውዬው እንዲመለስ ነበር!» ብላ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አለችና እሪ አለች። አባቴ በቀረባቸው በነዚያ ወራት ሁሉ አንዴም ስታለቅስ አላየናትም ነበር፤ ያን ቀን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለቀሰችው። ጎረቤት ወጣ፣ ሶማሌዎቹ «ምን ሆነች? ማን ሞተ?» አሉ፣ አንዷ «ጾሟን ቅቤ አፈረሰባት» ብላ በሶማልኛ አስረዳች፣ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

ዘይቱና አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። «ያፈረስኩት እኔ ነኝ። የቀረውን አብሬሽ እጾመዋለሁ። ለአንቺ ይቆጠር አይቆጠር አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን እጾመዋለሁ» አለች።

ጾመችም። የሷ ጾም እንደ ልማዷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው፤ የእናቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈታል። በመጀመሪያው ቀን እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምግቡን አቅርባ አየችው፣ ከዚያ ከደነችውና «ዘይቱና ሳትበላ እንዴት ይወርድልኛል» አለች። ከዚያ ጀምሮ መግሪብ እስኪል ሁለቱም ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፣ ብዙ ሳያወሩ፣ አንዷ ለሌላዋ በካርቶን ቁራጭ እያራገበች፤ አዛኑ ሲሰማ እናቴ አማትባ፣ ዘይቱና ቢስሚላህ ብላ ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። እኔና ሰናይት እየተራብን እንነጫነጭ ነበር እንጂ ምን እያየን እንደሆነ አልገባንም።

ጾሙ ተፈታ። ሙቀቱ አለፈ፣ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ተመለሰ፣ በር ከፍተን መተኛት ጀመርን፣ አባቴ አልመጣም። በግቢው ወሬው አንድ ሆነ፤ ስለቱ በቅቤ ፈረሰ፣ ሰውዬው በቅቤ ቀረ። አንድ ቀን በውሃ ሰልፍ አንዷ ሴት ከዘይቱና ጋር ተጣልታ «የሰው ባል በቅቤ ያስቀረሽ አንቺ!» አለቻት። በምላሷ ወንድ የምትገርፈው ዘይቱና «አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ይደረግ» ብላ ጄሪካኗን አንስታ ሄደች። እናቴ እዚያው ቆማ ነበር። 

በቀጣዩ ነሐሴ ካርቶን አልመጣም። የዘይቱና ባል በቆርቆሮ የታሸገ ኮክ ይዞ መጣ፣ ያ ለስላሳ፣ ቢጫ፣ ስኳር ውስጥ የተዘፈዘፈ የፈረንጅ ኮክ። እናቴ በዘይት ሠራችው፣ ዘይቱና ሄል ብቻ ጨምራ መለሰችው። ከዚያ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። እኔ ትከሻዬ ሲጠነክር ጭነት ማውረድ ጀመርኩ፤ ቆየት ብዬ የትራንዚት ቢሮ ተላላኪ ሆንኩ፣ እዚያ አንዲት ታጋሽ የሥራ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት ሀሁ አስቆጠረችኝ፣ ኋላም አገባኋት። ሆዳን ቤት ስንሠራ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ሰናይት ድሬዳዋ አግብታ ቀረች።

እናቴ ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲገባ አረፈች። አልጋ ላይ ሳለች አንድ ከሰዓት በኋላ «ደጀኔ ያን ቀን ነግሮኛል» አለችኝ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ምኑን?»

«አባታችሁ ሌላ ቤት እንደሠራ። ልጅም እንደወለደ። መስመር ቀይሮ ወደ ሞያሌ እንደሚነዳ። ኮኩ የስንብት ነበር።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ስለ ቅቤው ያን ሁሉ ለምን አለቀስሽ?»

«ጥሎኝ ሄደ ብዬ ላልቅስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ቅቤው ደረሰልኝ። በቅቤው አለቀስኩ። ዘይቱና ግን ያን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ተሸከመችልኝ፣ እኔ ደግሞ ልነግራት ባልኩ ቁጥር አፌ አልከፈት አለኝ። አንተ አፍህ ችግር የለበትም። ንገርልኝ።»

ለዚህ ነው ባለፈው ነሐሴ ያን ትሪ የሠራሁት። ሽታው ከመታኝ በኋላ በጨርቅ ሸፍኜ ሃያብለ ወሰድኩት። ዘይቱና አሁንም እዚያው ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ ቤቱ በብሎኬት ተሠርቷል፣ ያ ምድጃ ዝጎ ግቢው ውስጥ ዶሮ ያድርበታል።

«እማማ ዘይቱና፣ ስኳር አለብሽ፤ ለማሽተት ነው ያመጣሁልሽ» አልኳት።

«አቦ ዝም ብለህ አቅርበው!»

ከመብላቷ በፊት ነገርኳት። ማለስለስ አልችልበትም፣ እንዳለ ነገርኳት። ቅቤው አይደለም አልኳት፤ ሰውዬው ቀድሞ ሄዷል፣ እናቴም ያን ቀን ታውቅ ነበር፣ ይቅር በያት አልኳት። ዘይቱና ማንኪያዋን ትሪው ላይ አሳረፈች።

«ደጀኔ መጀመሪያ የመጣው እኛ ሱቅ ነው» አለች። «‹እንዴት ብዬ ልንገራት› ብሎ ባሌን አማከረው። ባሌ ነገረኝ። እናንተ ያን ትሪ ይዛችሁ በር ስታንኳኩ እያለቀስኩ ነበር። ሁለት ልጆች ከነትሪያችሁ፣ ደስ ብሏችሁ! እጄ ሄል ፍለጋ ሄዶ ቅቤው ላይ አረፈ። ላዘነ ሰው ሌላ ምን ይሰጣል? ጾም የሚባል ነገር ከራሴ ጠፋ።»

«እናቴ እንደምታውቅ እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ ዓመት ‹እኔ ነኝ› ያልሽው?»

«እሷ የተጣለች ከምትባል፣ እኔ ቅቤ የረሳሁ ብባል ምን እሆናለሁ? እኔ ባሌ ቤት ነበር። እሷ ማን ነበራት?» ከዚያ ትንሽ ቆጣ ብላ «ማወቄን ግን አልነገርኳትም። ብነግራት ታፍር ነበር» አለች።

ያን ጥላ አስታወስኩት፣ የካርቶኑን ቁራጭ፣ መግሪብ ሲጠብቁ። ሁለቱም ሰውዬው እንደማይመለስ እያወቁ ነበር የጾሙት። ለማን እንደጾሙት እኔ አላውቅም፤ ለሱ ግን አልነበረም።

ዘይቱና ቀመሰች። አላመጠች። «ቅቤ የለውም» አለች።

«ነሐሴ ነው እማማ።»

«እሱማ ነው» አለች፣ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ትሪውን ስትመልስልኝ ግማሹ ኮክ ቀርቶ ነበር፤ በወረቀት የተጠቀለለ ሄል አጠገቡ አስቀምጣበታለች።

ሆዳን ጥሩ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ግንብ ናቸው፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ሙቀቱ ውጭ ይቀራል፣ ጎረቤቶቼም ምድጃ አላቸው። ሁሉም በሩን ዘግቶ የራሱን ይጋግራል። ኮኩን በፈለግኩ ቀን ከሱቅ አመጣለሁ፣ አልተደበደበም፣ አልጠቆረም፣ ማንም አይጠበቅበትም። ትሪዬን አስገባለሁ፣ ሲደርስ አወጣለሁ። ያስገባሁትን ያህል ነው የሚወጣው፤ የጨመረበት ሰው የለም።